ሲሲኤንኤ 200-301ን ለማለፍ፦ ከጥናቱ እስከ ፈተናው ወንበር

ሲሲኤንኤን፣ የኔትዎርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ የሚሰጠውን የኔትዎርክ ሙያ ሰርተፊኬት ፈተና፣ አጥንተው የሚወድቁ ብዙ ናቸው። ችግሩ ስንፍና አይደለም። ቪዲዮውን ከዳር እስከ ዳር አይተዋል፤ ደብተሩንም በሶስት ቀለም ሞልተውታል። ራውተር (ኔትዎርኮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው መሳሪያ) ላይ ግን እጃቸውን አላሳረፉም። ፈተናው ደግሞ ራውተሮች የመንገድ መረጃ ስለሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል «ኦኤስፒኤፍ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የራውቲንግ ቴብል (የራውተሩን የመንገድ ዝርዝር) ፊታችሁ ያስቀምጥና «ወደዚህ አድራሻ የሚሄደው ፓኬት በየት በኩል ይወጣል?» ይላችኋል። ይህ ከሽምደዳ አይገኝም፤ ደጋግሞ ከመስራት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ወደ እጅ ስራው ያደላል።

የቱን ፈተና ነው የምትፈተኑት?

የፈተናው ቁጥር 200-301 ነው። ቁጥሩን አስታውሱት፤ በቅርቡ ሲስኮ ለሌሎች ፈተናዎችም የሲሲኤንኤን ስም ስለሰጠ በስሙ ብቻ ብትፈልጉ ልትምታቱ ትችላላችሁ። 200-301 የጀመረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ነው። በኦገስት 2024 ይዘቱ ተሻሽሎ 1.1 ተባለ። አዲሱ ላይ እንደ ቴራፎርም (በኮድ ማዋቀሪያ መሳሪያ)፣ ማሽን ለርኒንግና በክላውድ የሚተዳደር ኔትዎርክ ያሉ ነገሮች ገብተዋል። ቴሌግራም ላይ የምታገኙት የድሮ ኮርስ ስለ ኢአይጂአርፒ ኮንፊገሬሽን ወይም ስለ ፍሬም ሪሌ የሚያስተምራችሁ ከሆነ ከ2020 በፊት የተሰራ ነው። ዝጉት።

ፈተናው 120 ደቂቃ ነው። ዋጋው 300 ዶላር ሲሆን እንደየአገሩ ታክስ ይጨመርበታል። ቅድመ ሁኔታ የለውም፤ ዲግሪም ሆነ የስራ ልምድ አይጠየቅም። የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በጃፓንኛ ነው። የማለፊያ ነጥቡን ሲስኮ አይናገርም። ስለዚህ «ይህን ያህል ካመጣህ አልፈሃል» የሚላችሁን ሰው በልኩ ስሙት።

ይዘቱ ስድስት ክፍል አለው። ትልቁን ድርሻ የያዘው አይፒ ኮኔክቲቪቲ፣ ማለትም ራውቲንግ ነው፤ 25 በመቶ። የኔትዎርክ መሰረታዊ ነገሮችና ኔትዎርክ አክሰስ (ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው ስዊች፣ ስዊቹን ለተለያዩ ኔትዎርኮች የሚከፍለው ቪላን፣ ዋይፋይ) እያንዳንዳቸው 20 በመቶ ይወስዳሉ። ሴኩሪቲ 15፣ አይፒ ሰርቪስ 10፣ ኦቶሜሽን (የኔትዎርክ ስራን በፕሮግራም ማሰራት) 10። ሲደመር ከመቶው 65ቱ የስዊችና የራውተር መሰረታዊ ስራ ነው ማለት ነው። ጊዜያችሁንም በዚሁ ልክ ከፋፍሉት። ኦቶሜሽን ፋሽን ስለሆነ ብቻ ሁለት ወር እሱ ላይ የሚያጠፋ ሰው አይቻለሁ፤ ለ10 በመቶ።

«ኔትዎርክ ፕላስ ይሻለኛል ወይስ ሲሲኤንኤ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። የኮምፕቲያ ኔትዎርክ ፕላስ ከአንድ ኩባንያ ዕቃ ጋር አይታሰርም፤ 90 ደቂቃ ይወስዳል፤ ጥያቄውም ቢበዛ 90 ነው። የሄልፕ ዴስክ ስራ ለምትፈልጉ ይበቃል። ባንክ፣ ቴሌኮም ወይም ዳታ ሴንተር ውስጥ ኔትዎርክ ላይ ለመስራት ከሆነ ግን ድካሙ አይቀርምና በቀጥታ ሲሲኤንኤ ላይ ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ።

ዕቃ መሰብሰብ ማጥናት አይደለም

40 ጊጋባይት ኮርስ አውርዶ አንዱንም ሳይጨርስ የሚቀር ሰው ስንት አለ መሰላችሁ! የሚያስፈልጓችሁ አራት ነገሮች ብቻ ናቸው።

አንደኛ፣ ሲስኮ ራሱ በነፃ ያወጣው የፈተናው ርዕሶች ዝርዝር። አትሙት። አንድ ርዕስ በጨረሳችሁ ቁጥር ምልክት አድርጉበት። ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ግሶች አስተውሉ። «አብራራ» የሚለው ርዕስ ማወቅን ብቻ ነው የሚፈልገው። «ኮንፊገር አድርግና አረጋግጥ» (መሳሪያውን አዋቅር) የሚለው ግን ላብ፣ ማለትም ትዕዛዝ እየጻፋችሁ የምትሰሩት የተግባር ጥያቄ፣ ሆኖ ሊመጣባችሁ ይችላል። ለምሳሌ ኦኤስፒኤፍ ኮንፊገር የሚደረግ ነው። ኤችኤስአርፒን (አንድ ራውተር ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው የሚያደርገውን) የመሳሰሉት ፕሮቶኮሎች ግን ለምን እንደሚያስፈልጉ ማብራራት ይበቃል። ይህን ያላየ ሰው ሁሉንም እኩል ይቸክላል።

ሁለተኛ፣ አንድ ኮርስ። አንድ ብቻ። ዩቲዩብ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በነፃ የሚገኙ አሉ። የሲስኮ ኔትዎርኪንግ አካዳሚ ባለበት ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ሶስቱን የሲሲኤንኤ ኮርሶች እዚያው ውሰዱ። ሶስተኛውን በጥሩ ውጤት ለሚጨርሱ ተማሪዎች የፈተና ቅናሽ ቫውቸር የሚገኝበት አሰራር አለ፤ አስተማሪያችሁን ጠይቁ። 300 ዶላር ላይ የሚቀነስ ማንኛውም ነገር ቀላል አይደለም።

ሶስተኛ፣ ፓኬት ትሬሰር። የሲስኮ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ራውተርና ስዊች ስክሪናችሁ ላይ ትደረድራላችሁ፣ ኬብል ትቀጥላላችሁ፣ ትዕዛዝ ትጽፋላችሁ። ከባድ ላፕቶፕ አይፈልግም። ላቡን ለመስራት ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያገለገለ ስዊች ገዝታችሁ ቤት ካስቀመጣችሁ ደስ ይላል፤ ግን ግዴታ አይደለም።

አራተኛ፣ ወደ መጨረሻ የምትሰሩት የልምምድ ፈተና። ዳምፕ (የተሰረቀ የፈተና ጥያቄ) አላልኩም። ስለ ዳምፕ እመጣበታለሁ።

ቋንቋውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። አማርኛ የሚያስተምሩ ጥሩ ቻናሎች አሉ፤ ለመረዳት ተጠቀሙባቸው። ጥያቄ መለማመድ ግን በእንግሊዝኛ ይሁን። ፈተናው ላይ የሚጥላችሁ ኔትዎርኩ ሳይሆን ጥያቄው ውስጥ የተሸጎጠች «አይደለም» ወይም «ከሁሉ ያነሰ» የምትል ቃል ልትሆን ትችላለች።

ሰብኔቲንግ፦ እስኪሰለቻችሁ

ሰብኔቲንግ አንድን ኔትዎርክ ወደ ትናንሽ ኔትዎርኮች መክፈል ነው። ይህን ያልቻለ ሰው ሌላውንም አይችልም። ራውቲንግ ውስጥ አለ፤ ኤሲኤል (ትራፊክ የሚፈቅድና የሚከለክል ዝርዝር) ውስጥ አለ፤ ላቡ ውስጥም አለ። ሁሉም በዜሮና አንድ እየጻፈ ይጀምራል። ፈተናው ላይ ግን ለዚያ ጊዜ የለም። አቋራጩ ይኸውና።

192.168.10.77/27 ተሰጣችሁ እንበል። ኔትዎርኩ የቱ ነው? አድራሻው 32 ቢት ነው፤ /27 ማለት 27ቱ የኔትዎርኩ ናቸው ማለት ነው። ከ32 ላይ 27 ሲነሳ 5 ይቀራል። 2ን አምስት ጊዜ ብታባዙ 32 ይሆናል። ስለዚህ ኔትዎርኮቹ በ32 በ32 ይዘላሉ፦ 0፣ 32፣ 64፣ 96። 77 የሚወድቀው 64ና 96 መካከል ነው። ኔትዎርኩ 192.168.10.64 ሆነ። ብሮድካስቱ (ለሁሉም የሚላክበት አድራሻ) ከሚቀጥለው ኔትዎርክ አንድ ሲቀነስ፣ 95። ለኮምፒውተር የሚሰጡት ከ65 እስከ 94 ያሉት ናቸው፤ 30 አድራሻ። አለቀ።

አሁን ሶስተኛው ቁጥር ላይ ሲመጣ። 172.16.45.200/20። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናገጣል፤ ስራው ግን ያው ነው። ሶስተኛው ቁጥር የሚያበቃው 24ኛው ቢት ላይ ነው፤ /20 ከ/24 በ4 ያንሳል። 2ን አራት ጊዜ ብታባዙ 16። ዝላዩ ሶስተኛው ቁጥር ላይ በ16 ነው፦ 0፣ 16፣ 32፣ 48። 45 የሚወድቀው 32ና 48 መካከል ነው። ኔትዎርኩ 172.16.32.0፣ ብሮድካስቱ 172.16.47.255። መጨረሻ ላይ ያለው 200 ምንም አይለውጥም፤ ለማደናገር የተቀመጠ ነው።

የተለያየ መጠን ያላቸው ኔትዎርኮች ከአንድ አድራሻ አውጡ ሲባል ሁልጊዜ ከትልቁ ጀምሩ። ከ192.168.5.0/24 ላይ ለ60፣ ለ25 እና ለ2 ኮምፒውተር ይበቃ ዘንድ ክፈሉ ቢላችሁ፦ ለ60ው /26 ስጡት፣ ከ0 እስከ 63 ይይዛል። ለ25ቱ /27፣ ከ64 እስከ 95። ለ2ቱ /30፣ ከ96 እስከ 99። ከትንሹ ከጀመራችሁ ትልቁ መግቢያ ሊያጣ ይችላል።

በየቀኑ አስር ጥያቄ ስሩ። ታክሲ ሰልፍ ላይም ይሰራል፤ ስልክ ላይ ነፃ የመለማመጃ አፖች አሉ። አንዱን ጥያቄ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ያለ ካልኩሌተር ስትጨርሱ ደርሳችኋል። ከዚያ በፊት ቀጠሮ አትያዙ።

ራውቲንግ ቴብል ማንበብ

25 በመቶው ያለው እዚህ ነው፤ ወጥመዱም እንደዚሁ። አንድ ራውተር ላይ እነዚህ አራት መስመሮች አሉ እንበል። 10.0.0.0/8 በስታቲክ (በእጅ የተጻፈ)፣ 10.1.0.0/16 በኦኤስፒኤፍ፣ 10.1.4.0/22 በኦኤስፒኤፍ ግን ሜትሪኩ (የመንገዱ ወጪ) ትልቅ፣ በመጨረሻም ዲፎልት ራውት (ሌላ ካልገጠመ የሚወሰደው) 0.0.0.0/0።

ወደ 10.1.6.9 የሚሄድ ፓኬት መጣ። በየት ይወጣል? ብዙ ተፈታኝ «የስታቲክ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ 1 ነው፣ የኦኤስፒኤፍ 110 ነው፣ ስለዚህ ስታቲኩ ያሸንፋል» ይላል። ይወድቃል። ራውተሩ ፓኬት ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያየው የትኛው መስመር ይበልጥ ጠባብ ሆኖ እንደሚገጥም ነው። /22ው ከ10.1.4.0 እስከ 10.1.7.255 ይይዛል፤ 10.1.6.9 ውስጡ አለ። ስለዚህ /22 ያሸንፋል፤ ሜትሪኩ የፈለገውን ያህል ቢሆን። 10.1.8.9 ቢሆን ኖሮ በ/16ቱ፣ 10.9.9.9 ቢሆን በስታቲኩ፣ 8.8.8.8 ቢሆን በዲፎልቱ ይወጣ ነበር።

አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ ስራው ሌላ ቦታ ነው። ለአንድ ዓይነት ኔትዎርክ፣ ማስኩም አንድ ሆኖ፣ ከሁለት ምንጭ መረጃ ሲመጣ ማን ቴብሉ ውስጥ ይግባ የሚለውን ይወስናል። ቀጥታ የተያያዘ 0፣ ስታቲክ 1፣ ኢአይጂአርፒ 90፣ ኦኤስፒኤፍ 110፣ ሪፕ 120። ከአንድ ፕሮቶኮል ሁለት መንገድ ከመጣ ደግሞ ሜትሪክ ይለያቸዋል። ይህ ከገባችሁ የመጠባበቂያ ስታቲክ ራውት ለምን በ110 ሳይሆን ከዚያ በላይ በሆነ ቁጥር እንደሚጻፍ ማንም ሳያስረዳችሁ ትረዱታላችሁ።

ኦኤስፒኤፍን ሶስት ራውተር ላይ ስሩት። ከሰራ በኋላ እናንተው አበላሹት። አንዱ ጋ ኤሪያውን ቀይሩ። ሄሎ ታይመሩን ከ10 ወደ 15 ቀይሩ። ማስኩን አዛቡ። ኢንተርፌሱን ፓሲቭ አድርጉት። በእያንዳንዱ ጊዜ ጎረቤትነቱ (የራውተሮቹ የኦኤስፒኤፍ ግንኙነት) ሲፈርስ እዩ፤ «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔበር» ብላችሁ ጻፉና ምን እንደሚል ተመልከቱ። ከዚያ የፕሮሰስ ቁጥሩን ብቻ አንዱ ጋ 1፣ ሌላው ጋ 7 አድርጉት። ምንም አይሆንም። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ፈተና ላይ አይጠራጠርም።

ስዊቹ ላይ

ሁለት ስዊችና አንድ ራውተር አስቀምጡ። ቪላን 10ና ቪላን 20 ፍጠሩ፤ በሁለቱም ስዊች ላይ ኮምፒውተር ስኩ፤ በስዊቾቹ መካከልና ወደ ራውተሩ ትራንክ (ብዙ ቪላን የሚያሳልፍ መስመር) አድርጉ። ራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቪላን ሰብኢንተርፌስ (በአንድ በር ላይ ንዑስ በር) ክፈቱ። ፒንግ (የግንኙነት መፈተሻ) ሲያደርግ ጥሩ። ካላደረገ ደግሞ የበለጠ ጥሩ፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ «ሾው ቪላን ብሪፍ» በሩ ትክክለኛው ቪላን ውስጥ ነው? «ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ» ቪላኑ ትራንኩ ላይ ተፈቅዷል? «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» ኢንተርፌሱ ተነስቷል? በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትዎርክ የሚወጣበት የራውተር አድራሻ) ተሰጥቶታል? ላለመስራቱ ምክንያቱ ከአራቱ አንዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

አንዲት ትዕዛዝ ግን ለብቻዋ ትነሳ። ትራንኩ ላይ ቪላን 10ና 20 ተፈቅደዋል። 30ን ለመጨመር ፈልጋችሁ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30» ብላችሁ ጻፋችሁ። ስዊቹ አይጨምርም፤ የነበረውን አጥፍቶ 30ን ብቻ ያስቀራል። 10ና 20 ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይቋረጣል። ትክክሉ ከቁጥሩ በፊት «አድ» የምትለዋን መጨመር ነው። ፈተና ላይ ነጥብ ታስጥላለች። መስሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ፎቁ በሙሉ ስልክ ይደውልላችኋል።

ስፓኒንግ ትሪ (በስዊቾች መካከል ዙር እንዳይፈጠር የሚከላከለው ፕሮቶኮል) ላይ ሩት ብሪጅ (ዋናው ስዊች) እንዴት እንደሚመረጥ እርግጠኛ ሁኑ፦ ትንሹ ፕራዮሪቲ፣ እኩል ከሆነ ትንሹ ማክ አድራሻ። ሁሉም ስዊች ሲመጣ ፕራዮሪቲው 32768 ስለሆነ ካልነካችሁት የሚያሸንፈው ማክ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ትንሹን ማክ የያዘው ያረጀው ስዊች ሆኖ ይገኛል።

የቀረው ቶሎ ያልፋል

ኤሲኤል ላይ ሶስት ነገር፦ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፣ የገጠመው መስመር ላይ ይቆማል፣ መጨረሻው ላይ የማይታይ «ሁሉንም ከልክል» አለ። ዋይልድካርድ ማስኩ የማስኩ ግልባጭ ነው፤ ለ/27 0.0.0.31። ናት (አድራሻ መቀየሪያ)፣ ዲኤችሲፒ (አድራሻ ማደያ)፣ ኤንቲፒ (ሰዓት ማስተካከያ) እና ኤስኤስኤች (ከርቀት በምስጢር መግቢያ) እያንዳንዳቸውን ፓኬት ትሬሰር ላይ አንድ አንድ ጊዜ ስሩ። የፖርት ቁጥሮች ይሸመደዳሉ፤ ከዚህ ማምለጫ የለም። 22 ኤስኤስኤች፣ 23 ቴልኔት፣ 53 ዲኤንኤስ፣ 67ና 68 ዲኤችሲፒ፣ 69 ቲኤፍቲፒ፣ 123 ኤንቲፒ፣ 161ና 162 ኤስኤንኤምፒ፣ 443 ኤችቲቲፒኤስ፣ 514 ሲስሎግ። የሲስሎግ (የመሳሪያው መልዕክት መዝገብ) ደረጃዎች ከ0 እስከ 7 ናቸው፤ ከሁሉ የከፋው 0 ነው።

ዋይፋይ ላይ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6ና 11 ናቸው። የዋየርለስ ኮንትሮለሩን ገጽ አንዴ ከፍታችሁ ኔትዎርክ ፍጠሩበት፤ የገጹን ስዕል አሳይቶ የሚጠይቅ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ኦቶሜሽን ላይ ፕሮግራመር ሁኑ አልተባላችሁም። ጄሰን (ዳታ የሚጻፍበት ቅርጽ) ፋይል አንብባችሁ የቱ ኦብጀክት፣ የቱ ሊስት እንደሆነ መለየት፣ የሬስት ኤፒአይን (ፕሮግራሞች በዌብ የሚነጋገሩበትን መንገድ) አሰራር ማወቅ፣ አንሲብልና ቴራፎርም ለምን እንደሚያገለግሉ መናገር። በቃ።

ስለ ዳምፕ

የተሰረቁ ጥያቄዎችን የሚሸጡ የቴሌግራም ቻናሎች አሉ። «100 ፐርሰንት ጋራንቲ» ይላሉ። ስለ ስነ ምግባሩ ስብከት አልጀምርም፤ ሂሳቡን ብቻ እንይ። ፈተናው ሲጀምር ይዘቱን ላለማውጣት ውል ትፈርማላችሁ፤ ሲስኮ ካወቀ ሰርተፊኬቱን ይሰርዛል፣ ከፈተናም ያግዳል። መልሶቹም ራሳቸው ብዙ ጊዜ ስህተት ናቸው። ይህ ሁሉ ቢታለፍ እንኳ ኢንተርቪው አለ። ጠያቂው ነጭ ሰሌዳ ላይ ሁለት ራውተር ስሎ «ፒንግ አያደርግም፣ ምን ታያለህ?» ሲላችሁ ዳምፑ አጠገባችሁ የለም።

ቀጠሮ መያዝ

ሙሉ ቀን ለሚሰራ ሰው ከአምስት እስከ ስድስት ወር፣ መሰረት ላለው ተማሪ ሶስት ወር ገደማ ተመጣጣኝ ነው። ልምምድ ፈተናው ላይ በተከታታይ ከ85 በመቶ በላይ ስታመጡ፣ ያውም አይታችኋቸው በማታውቋቸው ጥያቄዎች፣ ቀን ቁረጡ። ቀን ሳይቆርጡ «ትንሽ ልዘጋጅ» ማለት ዓመት ይበላል።

ፈተናውን የሚያስተዳድረው ፒርሰን ቩ ነው። መጀመሪያ ሲስኮ ላይ አካውንት ትከፍታላችሁ፤ ከዚያ በፒርሰን ቩ በኩል ቦታና ሰዓት ትመርጣላችሁ። እዚህ ላይ የኛ ሰው የሚሰናከልባቸው ሶስት ነገሮች አሉ።

ስም። የኛ ስም አጻጻፍ ከፎርሙ ጋር አይገጥምም። ፎርሙ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። በግምት አትሙሉ። ፓስፖርታችሁን ክፈቱና በእያንዳንዱ መስመር የተጻፈውን በፊደሉ ገልብጡ። ፓስፖርቱ ላይ ስማችሁ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ከሆነም ስህተቱን እንዳለ ገልብጡት። የፈተና ማዕከሉ መግቢያ ላይ ስሙ ካልገጠመ ይመልሷችኋል፤ ገንዘቡም ይቃጠላል። መታወቂያው ጊዜው ያላለፈበትና በላቲን ፊደል የተጻፈ ይሁን፤ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ የቀበሌ መታወቂያ ይዞ መሄድ ራስን ማድከም ነው። ሁለተኛ መታወቂያም ያዙ፤ ምን እንደሚያስፈልግ የማረጋገጫ ኢሜይሉ ላይ ተጽፎ ይመጣል።

ሰዓት። ቀጠሮው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 9 ሰዓት ጠዋት ቢል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ቀኑም እንደዚሁ። ኢሜይሉ እንደደረሳችሁ ወደኛ አቆጣጠር ለውጣችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። መቀየር ከፈለጋችሁ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድማችሁ ቀይሩ።

ክፍያ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ 300 ዶላር በብር ሲሰላ ያስደነግጣል። ኢንተርኔት ላይ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያላችሁ በቀጥታ ክፈሉ። ከሌላችሁ ፈተና ማዕከሉ ሄዳችሁ ቫውቸር በብር ይሸጡ እንደሆነ ጠይቁ። ውጭ ያለ ዘመድም ቫውቸር ሊገዛላችሁ ይችላል፤ ግን ቫውቸሩ በምትፈተኑበት አገር የሚሰራ መሆኑንና የሚያበቃበትን ቀን ያረጋግጥ። ቴሌግራም ላይ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ቫውቸር አትግዙ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት አሰሪያችሁ የፈተና ወጪ ይመልስ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ይቀራል።

ቤት ተቀምጦ መፈተንም ይቻላል። በካሜራ እየታያችሁ ነው። ሰው ክፍሉ ቢገባ ወይም ከካሜራው ብትወጡ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል። መብራት በሚጠፋበት፣ ጎረቤት ድንገት «ቡና ደርሷል» ብሎ በሚገባበት ቤት ይህን አልመክርም። ማዕከል ሂዱ።

የፈተናው ቀን

ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ስልክ፣ ሰዓት፣ ቦርሳ ሎከር ውስጥ ይገባል። የሚጠፋ ሰሌዳና ማርከር ይሰጧችኋል። ፈተናው እንደጀመረ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብላችሁ ጻፉ፤ ከነሱ በታች ደግሞ 128፣ 192፣ 224፣ 240፣ 248፣ 252፣ 254፣ 255። ሰላሳ ሰከንድ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ለሰብኔት ጥያቄ ጭንቅላታችሁን አታደክሙም።

ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። «ቀጥል» ካላችሁ ያ ጥያቄ ሄዷል። ይህ ሁለት ነገር ያስተምራል፦ ከመጫናችሁ በፊት ጥያቄውን እንደገና አንብቡ፤ ካለፋችሁት በኋላ ደግሞ እርሱት። ባዶ መተውም ትርጉም የለውም። ካላወቃችሁት የማይሆኑትን አስወግዳችሁ ገምቱ።

ላብ ሲመጣ መጀመሪያ የተሰጠውን ስራ በሙሉ አንብቡ። ከዚያ ዲያግራሙን። ከዚያ «ሾው» ትዕዛዞችን ተጠቅማችሁ ምን እንዳለ እዩ። ያኔ ብቻ ጻፉ። ያልተጠየቃችሁትን አትንኩ፤ ለምሳሌ የይለፍ ቃል አትጨምሩ፣ የራውተሩን ስም አትቀይሩ። ሰርታችሁ ስትጨርሱ አረጋግጡ፤ ሴቭ አድርጉ የሚል ካለ ራኒንግ ኮንፊጉን ወደ ስታርታፕ ገልብጡ። ትዕዛዝ ከጠፋባችሁ የጥያቄ ምልክቷን ሞክሩ። አንድ ላብ ላይ ሩብ ሰዓት ከቆያችሁ የሰራችሁትን ይዛችሁ ቀጥሉ፤ ሌሎች ጥያቄዎች እየጠበቋችሁ ነው። ስንት ጥያቄ እንደቀረና ስንት ደቂቃ እንዳለ ስክሪኑ ላይ ይታያል። በየሩብ ሰዓቱ አንዴ ብቻ ተመልከቱት፤ አሁንም አሁንም ማየት ያስጨንቃል።

ከውጤቱ በኋላ

ውጤቱ ላይ በእያንዳንዱ ክፍል ስንት በመቶ እንዳገኛችሁ ተዘርዝሮ ይመጣል። ከወደቃችሁ ወረቀቷን አትጣሏት፤ የሚቀጥለው ጥናታችሁ እቅድ እሷ ናት። አይፒ ኮኔክቲቪቲ 40፣ ሴኩሪቲ 80 ከሆነ የት መቀመጥ እንዳለባችሁ ግልጽ ነው። በድጋሚ ለመፈተን አምስት ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ክፍያውም እንደገና ሙሉ ነው። አምስቱ ቀን እንዳለቀ ተመልሶ መቀመጥ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ 300 ዶላር መጣል ነው። ደካማው ክፍል ላይ ሶስት አራት ሳምንት ስሩ።

ካለፋችሁ ዲጂታል ባጁ በክሬድሊ በኩል በኢሜይል ይመጣል። ሊንክዲን ላይና ሲቪያችሁ ላይ የባጁን ሊንክ አስገቡ፤ ቀጣሪው ተጭኖ ያረጋግጣል፣ ስካን የተደረገ ወረቀት ከመላክ ይሻላል። ፓኬት ትሬሰር ላይ የሰራችኋቸውን ትልልቅ ላቦች አታጥፉ። ልምድ የሌለው ሰው ኢንተርቪው ላይ «ምን ሰርተህ ታውቃለህ?» ሲባል የሚያሳየው እነሱን ነው።

ሰርተፊኬቱ የሚቆየው ሶስት ዓመት ነው። ለማደስ ፈተናውን እንደገና መውሰድ፣ ወይም ከፍ ያለ የሲስኮ ፈተና ማለፍ፣ ወይም በሲስኮ የተፈቀዱ ኮርሶችን ተምሮ 30 ክሬዲት መሰብሰብ ይቻላል። ሲስኮ አንዳንዴ ክሬዲት የሚያስገኙ ኮርሶችን በነፃ ይለቃል፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ ብትሰበስቡ በሶስተኛው ዓመት ላይ ሌላ 300 ዶላር አትፈልጉም። ቀኑ ካለፈ ግን ማደስ የለም፤ ከሀ ይጀመራል።